ለካሲሚራ ያልተነበበው ገጽ

ካሲሚራ ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችው። ሳታውቅ አይደለም፤ ሆን ብላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተጻፈ ነገር እጇ ላይ ባስቀመጡላት ቁጥር የላዩን ወደ ታች ታዞርና፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አይታ፣ «እንዴት ደስ የሚል ጽሕፈት ነው» ብላ ለባለቤቱ ትመልሳለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ችግሩ፣ ይህን ያህል ዘመን ወረቀት ገልብጦ የያዘ ሰው ውሎ አድሮ የተገለበጠውንም ማንበብ ይለምዳል። ሦስተኛው መስመር ላይ የራሷን ስም አየች።

«ከየት እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ ካሲሚራዬ?» አለች የሟቿ የድሮ ተማሪ ደልፊና። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከመምህርት ካልሲዎች ሥር። የመጽሐፋቸውን የመጨረሻ ምዕራፍ ሳይጽፉት ያረፉ መስሎኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

«እንዴት ደስ የሚል ጽሕፈት ነው» አለች ካሲሚራና መለሰችላት። ከዚያ የቡናውን ጀበና ከምድጃው ላይ አንስታ ወደ እንግዶቹ ሄደች። ሁለት ስኒ አትረፍርፋ ሞላች። ሰዉ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

መምህርት ኦቲሊያ ሳቢዶ ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር። በሜሪዳ ከተማ፣ በእኛ በሳንቲያጎ ሰፈር፣ የማያውቃት የለም። ግማሹ ሰው እሷ ፊደል ያስቆጠረችው ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጋዜጣ ላይ በጻፈችው ተናዶ አንድ ቀን በሯን የደበደበ ነው። የደበደበውም ቢሆን ቁጭ ብሎ የሎሚ ጭማቂውን ሳይጠጣ አይወጣም። ሴት ልጅ የራሷ ሐሳብ፣ የራሷ ደመወዝ፣ የራሷ የበር ቁልፍ ያስፈልጋታል ብላ መጻፍ ስትጀምር በአገሩ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። ባሏን ትታ ስትወጣ ይዛ የወጣችው አንድ ሣጥን መጽሐፍና አንድ የመረብ አልጋ ብቻ ነው እየተባለ ይወራል። ካሲሚራ ግን ሣጥኑ ሁለት ነበር ትላለች። የተሸከመችው እሷ ናት። ከቃጫ እርሻ የመጣች የሃያ አምስት ዓመት የአገሬው የማያ ሕዝብ ልጅ ነበረች፤ ሣጥን እንድትሸከም ለአንድ ቀን ተቀጥራ ሣጥኖቹን ካስቀመጠች በኋላ ሳትመለስ ቀረች።

ለቅሶ ቤቱን የምትመራው ጎረቤታችን ዶኛ ፕራክሴዲስ ነበረች። ማንም አልጠራትም። ኦቲሊያ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ቄስም እንዳይመጣ ተናዝዛለች። ዶኛ ፕራክሴዲስ ግን በመጀመሪያው ቀን መቁጠሪያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ወንበሯን ራሷ ተሸክማ ገባች። ላላመነ ሰው የዘጠኝ ቀን ጸሎት እንደማይበቃ ታውቃለች፣ ግን ከምንም ይሻላል ባይ ናት። ካሲሚራም ዝም አለቻት። እትዬ ኦቲሊያ በሕይወት ቢኖሩ ስቀው፣ ለዶኛ ፕራክሴዲስ የተሻለውን ወንበር ይሰጧት እንደነበር ታውቃለች።

በመስኮቱ በኩል ደግሞ ዶን ሂላሪዮ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ከኦቲሊያ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ በጋዜጣ ተከራክሯል። እሷ ማክሰኞ ትጽፋለች፣ እሱ ዓርብ ይመልሳል፣ ቅዳሜ ደግሞ አብረው ዶሚኖ ይጫወታሉ። ከሁሉ አብዝቶ የሚያለቅሰው እሱ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልጣላ እያለ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል።

ካሲሚራ ስኒዎቹን እየሰበሰበች ያቺን ሦስተኛ መስመር ታስባለች። እትዬ ኦቲሊያ የጻፉት ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሷ ጆሮ ነው። ይህ ግን አልደረሳትም።

አንብቦ የማሰማቱ ነገር የተጀመረው ካሲሚራ በገባች ገና በሁለተኛው ዓመት ነበር። ኦቲሊያ ጠዋት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ሴት ልጆች ታስተምራለች። ከቁርስ በፊት ትጽፋለች፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የመረብ አልጋዋን ከጓሮው በረንዳ ላይ ወጥራ ትጋደማለች። ካሲሚራ ከፊት ለፊቷ የእንጨት ገንዳው ላይ ታጥባለች። አንድ ቀን ኦቲሊያ የጻፈችው አልጥም ብሏት ጮክ ብላ ለራሷ አነበበችው። ስለ ሴቶች ባሕርይ የሆነ ረጅም ነገር ነበር። ካሲሚራ ማጠቧን ሳታቆም፣ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ደከማት ለማለት ነው?» አለቻት። ኦቲሊያ ወረቀቱን አየች፣ ካሲሚራን አየች፣ ከዚያም ገጹን በሙሉ ሰረዘችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሲሚራ ያልሰማችው ነገር ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ አያውቅም። ካሲሚራ «አልገባኝም» ካለች ይሰረዛል። ማጠቧን ካቆመች ጥሩ ነው፤ ይቀመጣል። ከሳቀች ደግሞ ኦቲሊያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ኮከብ ትሠራለች። የአጻጻፏ ጥራት በዋና ከተማው ጋዜጦች ሲወደስ፣ አንድ ፕሮፌሰርም ይህን ቅልጥፍና ከየትኞቹ ጥንታዊ ፈላስፎች እንደተማረችው በረጅሙ ሲተነትን፣ ሁለቱም አብረው አንብበውት... ማለት ኦቲሊያ አንብባላት ካሲሚራ ሰምታ፣ በሳቅ ገንዳው ውስጥ ሊወድቁ ነበር።

ማንበቡን ካሲሚራ ያወቀችው ደግሞ ማንም ሳያስተምራት ነው። የልጆቹ ድምፅ በመስኮቱ በኩል ጓሮ ድረስ ይመጣል። ሥጋ የሚጠቀለልበት ጋዜጣ አለ። የሳሙናው መጠቅለያ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እሷም ሳትጠብቀው፣ አንድ ቀን የሥጋ መጠቅለያው ላይ ያለው ነገር ቃል ሆኖ ተነበበላት። ደነገጠች። ሮጣ ልትነግራት ነበር።

ያልነገረቻት የኦቲሊያ ደንብ ትዝ ስላላት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ብቻዋን ማንበብ የቻለች ቀን አበባ ይሰጣታል፣ ይጨበጨብላታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አያነብላትም። «የራስሽ ዓይን አለሽ፤ የሰው ዓይን አትበደሪ» ትላታለች ኦቲሊያ። አንዲት ልጅ ተረቱን አንዴ ብቻ አንብቢልኝ ብላ ስታለቅስ እንኳ እሺ አላለቻትም። ካሲሚራ ይህን በዓይኗ አይታለች። እሷ በልጅነቷ ማንም ምንም አንብቦላት አያውቅም፤ ከእርሻው ተቆጣጣሪ ጩኸት በቀር ለእሷ ብሎ ድምፁን ያወጣ ሰው አልነበረም። አሁን በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንዲት የተማረች ሴት ለእሷ ብላ ታነብላታለች፣ ቆም ብላም ፊቷን ታያለች። ይህን በአንድ አበባ መለወጥ አልፈለገችም። ይኸው ነው ጥፋቷ።

ኦቲሊያ ሦስት ጊዜ ላስተምርሽ ብላታለች። መጀመሪያ፣ ገና ሳታውቅ፣ አፍራ እምቢ አለች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጊዜ እያወቀች እምቢ አለች። «የእኔ ጭንቅላት ለባቄላ እንጂ ለፊደል አልተሠራም እትዬ» እያለች ታልፈዋለች። ኦቲሊያ በዚህ ቀልድ አትስቅም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ደልፊና ተለውጣ መጣች። ሌሊቱን ምዕራፉን አንብባዋለች። ገና ከመግባቷ ጀበናውን ከካሲሚራ እጅ ተቀብላ፣ «አንቺ ተቀመጪ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምቀዳው» አለቻት። ከዚያም ወዲያ ያሉት አስተማሪዎች፣ የኦቲሊያ የድሮ ተማሪዎች ናቸው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ጥግ ላይ ተሰብስበው ማንሾካሾክ ጀመሩ። ካሲሚራ ስታልፍ ዝም ይላሉ። ሕመምተኛ እንደሚታይ ነው የሚያዩዋት። በራሷ ቤት እኮ ነው፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ሲሉ ሰማቻቸው። አንደኛዋ እንደውም መምህርት ለዓለም ሁሉ ሰብካ ጓዳዋን ረሳች እንዴ ብላ ጠየቀች፤ ሌሎቹም አልተቃወሟትም።

ከሰዓት በኋላ ዶን ሂላሪዮ ወደ ጓሮው መጣ። በመድኃኒት ቤቱ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጣት። የልጆች ፊደል ማስቆጠሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ዝሆን አለ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ጊዜው እንዳላለፈ፣ ከፈለገች እሁድ እሁድ እሱ ራሱ መጥቶ እንደሚያስቆጥራት ገለጸላት። ሟቿን ለማስደሰት ብሎ እንጂ እሷን ለማሳፈር እንዳልሆነም ሦስት ጊዜ ነገራት። ካሲሚራ መጽሐፉን ተቀብላ ገልብጣ ያዘችው፤ ዝሆኑ እግሩ ወደ ላይ ሆነ። ሳቋ መጣ። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው ብላ ወደ በረንዳው ዞር አለች፤ በረንዳው ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። ምስኪኑ ዶን ሂላሪዮ በመጽሐፉ ያስለቀሳት መስሎት ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ።

በስድስተኛው ቀን፣ ሁሉም የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተንበርክከው ሰላም ለኪ እያሉ ሳለ፣ ካሲሚራ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ገባች። የደልፊና ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወረቀቶቹን አወጣች። የዶኛ ፕራክሴዲስ ድምፅ ይሰማታል፤ መቁጠሪያው ገና ከአምስቱ ሦስተኛው ምስጢር ላይ ስለሆነ ጊዜ አላት። አልገለበጠችውም። ቀና አድርጋ ይዛ አነበበች።

«ከዚህ ቤት አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ፊደል ቆጥረው ወጥተዋል። ስለዚህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ተኩራርቻለሁ። አራት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ካሲሚራ ኡክ መሆን ነበረባት፤ አልሆነችም። ሰው ለማሰብ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ጽፌያለሁ። የእኔን ሰዓት የሰጠችኝ እሷ ናት። እኔ ስጽፍ እሷ ታጥባለች። ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አለችኝ፤ ፈርታ ነው፣ እልኸኛ ስለሆነች ነው፣ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ዛሬ ግን ለምን እምቢ እንዳለችኝ ጠየቅኳትና፣ ታዲያ ማን ያጥባል አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰዓቷን ወስጄ ነው ፊደል ልስጥሽ ያልኳት። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ እወቁት፤ ስለ ሴቶች ነፃነት ይህን ሁሉ የጻፍኩ እኔ በገዛ ጓዳዬ ተሸንፌያለሁ። ከእኔ በኋላ የምትጽፉ፣ መጀመሪያ የሚያጥብላችሁን ሰው ተመልከቱ።»

ካሲሚራ ጠረጴዛውን ያዘች። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ኦቲሊያ ከመሞቷ አሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ኦቲሊያ ትንፋሽ አጥሯት በመረብ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ካሲሚራ ደግሞ የትራስ ልብስ እየጨመቀች።

«ካሲሚራ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። «ለምንድን ነው እምቢ ያልሽኝ?»

ካሲሚራ ልትነግራት ይገባ ነበር። አፏ ላይ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የተዋሸ ነገር እንዲህ በድንገት አይወጣም፤ ደግሞም እትዬ ታመዋል፣ ማስደንገጥ አይገባም ብላ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቀልድ ዞረች። «ታዲያ ማን ያጥባል?» አለቻት፣ ስቃ። ኦቲሊያ አልሳቀችም። ጥቂት ቆይታ ወረቀት አምጪልኝ አለች። እስኪመሽ ጻፈች። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ካሲሚራ ገንዳው አጠገብ ቆማ ጠበቀች፤ ኦቲሊያ ግን ዛሬ ደክሞኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ አንብባላት አታውቅም።

ለቀልድ የወረወረችው ቃል እውነት ተብሎ ተጽፏል። ኦቲሊያ ተሸነፍኩ ብላ ሞታለች። አልተሸነፈችም እኮ። አራት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ገንዳው አጠገብ ቆማ፣ ሁሉንም እያወቀች፣ የሳሙናውን አረፋ ታወጣ ነበር።

ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ቀን ካሲሚራ እህል አልቀመሰችም። ብትናገር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትዋሽ የኖረች አገልጋይ ትሆናለች፤ ያውም ሴትየዋ በሕይወት ሳለች ያልደፈረችውን፣ ከሞተች በኋላ። እነዚያ ነጭ የለበሱ አስተማሪዎች ሁለተኛ አያምኗትም። ዝም ብትል ደግሞ ምዕራፉ ይታተማል፤ የኦቲሊያ የመጨረሻ ቃል ሽንፈት ሆኖ ይቀራል። ኦቲሊያን ሲነቅፉ የኖሩት ጋዜጦችም ይህችን አንዲት ገጽ ይዘው ሲጨፍሩ ይታያታል።

በመጨረሻ ዶኛ ፕራክሴዲስን ጠየቀቻት። ዶኛ ፕራክሴዲስ የዱባ ፍሬ እየፈለፈለች ነበር፤ ለዘጠነኛው ቀን ታማል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ለሚበስለው የበቆሎ ምግብ፣ የሚሆን።

«አንድ ሰው የሞተን ሰው አታልሎ ቢሆን ምን ያደርጋል?»

«የዶሮዋ ነገር ነው?» አለች ዶኛ ፕራክሴዲስ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጠፋች ቀይ ዶሮ ነበረቻት፤ እስካሁን ካሲሚራን ትጠረጥራለች።

«ዶሮሽን አልነካሁም አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ትልቅ ነገር ነው» አለችና ፍሬዋን አስቀመጠች። ካሲሚራን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሟቿ ላይ የተሠራ ነገር ከሆነ ለእግዚአብሔር መንገር ቀላል እንደሆነ፣ እሱ ቀድሞም ስለሚያውቀው እንደማይደነግጥ፣ የሚያስቸግረው ለሰው መንገሩ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ፍሬዋን መፈልፈል ቀጠለች። ስለ ዶሮዋ ግን እንዳላመነቻት ፊቷ ያስታውቃል።

ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ከየጎረቤቱ ወንበር መጣ፤ የቀረው ሰው መስኮቱ ላይ ተደገፈ። ጸሎቱ አለቀ፣ ታማሉና ቡናው ዞረ። ደልፊና ወረቀቶቹን ይዛ በመሃል ቆመች። የመምህርትን የመጨረሻ ምዕራፍ ዛሬ እዚህ እንደምታነበው፣ ሰኞ ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት እንደምትወስደው ተናገረች። ካሲሚራ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ምን እንደምታደርግ እስከዚያች ደቂቃ አልወሰነችም።

ደልፊና ድምፅዋ ያምራል። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ማሰቢያ ሰዓቱ አነበበች። ዶን ሂላሪዮ አንድ ቦታ ላይ ከልማዱ የተነሳ፣ «በዚህ እንኳ አልስማማም» አለና ራሱን ይዞ አለቀሰ። ደልፊና ስለ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ልጆች አነበበች፣ ስለዚህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ተኩራርቻለሁ የሚለውንም አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ካሲሚራን አየቻት፤ ትንፋሽ ወሰደች። ዓይኗን ወደ ገጹ ግርጌ አወረደችና፣ ከእኔ በኋላ የምትጽፉ ከሚለው ቀጠለች።

ካሲሚራ ገባት። ስሟን አላነሳችም። ልታሳፍራት አልፈለገችም። ምናልባት ሲታተምም አታስገባው ይሆናል፤ ሁሉም ነገር በደግነት ተሸፍኖ ያልፋል። አሁን ዝም ብትል ማንም ምንም አያውቅም፣ ኦቲሊያም ተሸነፍኩ እንዳላለች ይሆናል። ከጭንቋ መውጫው ይኸው ተከፈተላት። ቡናዋን ይዛ ወደ ኩሽናው መመለስ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

ነገር ግን የኦቲሊያን ጽሑፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ካሲሚራ ፈቃድ የሰረዘ ሰው የለም።

«ዘለልሽ» አለች።

ደልፊና ቆመች። «ምን አልሽ ካሲሚራዬ?»

«ዘጠኝ መስመር ዘለልሽ። አራት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ከሚለው ጀምሮ።»

ሰዉ ወደ ኩሽናው በር ዞረ። ካሲሚራ እጇን በሽርጧ ጠርጋ በወንበሮቹ መሃል አለፈች። ወረቀቱን ከደልፊና እጅ ወሰደች። ዶን ሂላሪዮ የቱ ላይ እንደሆነ ሊያሳያት ጣቱን ሲዘረጋ፣ በቀስታ መለሰችው። ከዚያ አነበበች። አነባበቧ ፈጣን አልነበረም፤ ድምፅዋን አውጥታ አንብባ ስለማታውቅ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነበር የምትሄደው። አንድም አልሳተችም። ተሸንፌያለሁ የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ውሃ ጠጥታ ቀጠለች።

ስትጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው ደልፊና ናት፤ ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር።

«መቼ ነው የተማርሽው?»

«በሁለተኛው ዓመት።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ ነሻ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠሽ ከሁሉም አብልጠሽ ትጮሂ ነበር። ጓሮ ድረስ ይሰማል።»

አንዱ ሳቀ፤ ዶን ሂላሪዮ ይመስለኛል። ደልፊና ግን አልሳቀችም። ተቆጥታለች፣ ቁጣዋም ትክክል ነበር። «ሲሞቱ እንኳ አልነገርሻቸውም?»

«አልነገርኳቸውም» አለች ካሲሚራ። «ማንበብ እንደምችል ካወቁ አያነቡልኝም። ደንባቸውን ታውቂዋለሽ። እኔ ደግሞ ሲያነቡልኝ ደስ ይለኛል። በሌላ ምክንያት አይደለም። ሲያነቡልኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ዶኛ ፕራክሴዲስ አማተበች። ከአስተማሪዎቹ አንዷ ወደ ውጪ ወጣች፤ ያቺ «መምህርት ጓዳዋን ረሳች እንዴ» ያለችው ናት። ደልፊና እስከ አሁን ቆማለች። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየ፤ ከሥሩ የቀረው የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ነበር፣ አንዴ ብቻ አንብቢልኝ ብላ እምቢ የተባለች ልጅ ፊት።

«ምን እናድርገው?» አለች። እንደዚህ ሊታተም አይችልም፣ እውነት አይደለምና። ይሰረዝ ይሆን? የሚወስነው ሰው እንግዲህ ካሲሚራ ናት፤ ዱሮም እሷ ነበረች አሉ የድሮ ተማሪዎቹ። «አይሰረዝም» አለች ካሲሚራ። «እትዬ የተሳሳቱት እኔ ስላሳሳትኳቸው ነው፣ ደግሞ ስለ ሰዓቱ የጻፉት ልክ ነው፤ እኔም ሳጥብ ነው የኖርኩት። ይቀመጥ፣ ግን ከሥሩ እኔ የምጽፈው አለኝ።»

ዶን ሂላሪዮ የኪሱን እስክሪብቶ አወጣላት። ካሲሚራ ወንበር ስባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። በሰው ፊት ጽፋ አታውቅም። ዘወር በሉልኝ አለች፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ዶኛ ፕራክሴዲስም ሳትቀር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲፍቅ ብቻ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ዶኛ ፕራክሴዲስ ጀርባዋን እንደሰጠች አንድ ሰላም ለኪ ደገመችላት። ስትጨርስ ስሟን ከሥሩ አስቀመጠች፣ ካሲሚራ ኡክ፣ በትልልቅ ፊደል።

ከዚያ ወረቀቱን አነሳች። ጠማማ ነው፤ ሁለት ቦታ ቀለም ፈሷል። አየችው፣ ትክክል እንደሆነም አወቀች። ግን አልበቃትም። ወደ ደልፊና ዘረጋችላት።

«ልጄ» አለቻት፣ «በይ አንብቢልኝ።»

ደልፊና ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ካሲሚራ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት ወዲህ፣ እየተነበበላት ሳለ እጇ ሥራ ያልያዘበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። የምታደርጋቸው ያጣች ይመስል አንዴ አነሳቻቸው፣ መልሳም አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።